ቆቦ ላይ አጥንት የቆጠርኩበት ሳምንት

አሥራ አንድ ዓመት አንትሮፖሎጂ አስተምሬአለሁ፤ አንድም ቀን ግን አንትሮፖሎጂ ሠርቼ አላውቅም። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የታሪክ መምህርት ሆኜ ተቀጥሬ ሳለ፣ አንድ ክረምት ኃላፊዬ ጠርቶ «ለአንደኛ ዓመት የሚሰጥ የመግቢያ ኮርስ ሰው አጥቷል፤ አንቺ ያዢው» አለኝ። ያዝኩት። ሞጁሉን ከተማሪዎቼ በአንድ ምዕራፍ እየቀደምኩ አነበብኩ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ያንኑ እጽፋለሁ። አንትሮፖሎጂ የሰው ልጅ ጥናት ነው፤ አራት ዘርፎች አሉት። አንደኛው የሰውን አካልና አመጣጡን ያጠናል። ሁለተኛው አርኪዮሎጂ ነው፤ ከአፈር ሥር የቀረውን ዕቃ አውጥቶ ያለፈውን ኑሮ ያነባል። ሦስተኛው የቋንቋ ነው፤ አራተኛው የባህል። ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ይፈተናሉ፣ ይረሱታል።

ካልረሱት አንዷ ሰላም ናት፤ የቆቦ ልጅ። ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ እርስዎ ለመስክ ጥናት የት ሄደው ያውቃሉ?» ብትለኝ «ጊዜያችን አልቋል» ብዬ አመለጥኳት። ጊዜው ገና ሃያ ደቂቃ ይቀረው ነበር። ተመርቃ አገሯ ገብታ ማስተማር ከጀመረች ጥቂት ዓመት ሆኗታል። በዚህ ጥር ስልክ ደወለችና «ላገባ ነው ቲቸር፤ ሰርጉ እሁድ ነው። ከሳምንቱ መጀመሪያ ጀምረው ይምጡ። መስክ መስክ ሲሉ አልነበር? ይኸው መስክ» አለችኝ። ምን ብዬ እምቢ ልበል? ይህንን የምጽፈው ከጣርማ በር ወዲያ ወርደው ለማያውቁት፣ ለመውረድም ለማያስቡት የሥራ ባልደረቦቼ ነው። እንዳትስቁብኝ።

ሰኞ

የጥር ውርጭ ሣሩን ነጭ አድርጎት ነበር። መናኸሪያ ስደርስ ሁለት ሹራብ፣ ካፖርትና ጋቢ ደራርቤ ነበር፤ በእጄ ደግሞ ለሙሽሮቹ የገዛሁት የከተማችን የሱፍ ብርድ ልብስ አለ። ረዳቱ ጣራ ላይ ሊጭነው አንስቶ «እትዬ፣ ውስጡ ሰው አለ እንዴ?» አለኝ።

ጣርማ በርን ቁልቁል ስንወርድ አንዱን ሹራብ አወለቅሁ። ሸዋ ሮቢት ላይ ሁለተኛውን፤ ከሚሴ ላይ ካፖርቱ ከእግሬ ሥር ወደቀ። ደሴ ብርድ ብርድ ሲለኝ «እሰይ፣ ሰው አገር ደረስን» ብዬ ሁሉንም መልሼ ለበስኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ እስከ ወልድያ ድረስ ስለብስና ሳወልቅ እያየ በክርኔ መመታቱን በትዕግሥት ቻለ። ሲወርድ «ደህና ግቢ፤ ነገ ግን ቀለል ብለሽ ልበሺ» አለኝ።

ወልድያ ያደርኩበት ማረፊያ ቧንቧው ውሃ አልነበረውም። ባለቤቲቱ ራሷ ባልዲ ተሸክማ መጣችና በሩ ላይ ቆማ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ወዴት እንደምሄድ፣ የማን ሰርግ እንደሆነ፣ ባል እንዳለኝ፣ ለምን እንደሌለኝ ጠየቀችኝ። እኛ ጋ ሆቴል መታወቂያ ይጠይቃሉ፤ አለቀ። «ምን ዓይነት ወሬኛ ናት» እያልኩ ተኛሁ። ጠዋት በሬን ስከፍት ደፉ ላይ ለመንገድ የሚሆን ዳቦ በፌስታል ቋጥራ አስቀምጣልኝ አገኘሁ። የራስን ባህል መለኪያ አድርጎ የሌላውን መመዘን ስህተት መሆኑን ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ! ተማሪ ብሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን መውደቄ ነበር።

ማክሰኞ

ከወልድያ ቆቦ ሩቅ አይደለም ብለውኝ ነበር፤ የሚኒባሳችን ጎማ ግን ሮቢት (የሸዋዋ አይደለችም፣ ሌላዋ) ላይ ፈነዳ። ሾፌሩ መለዋወጫውን ሲያወጣ እሱም የተነፈሰ ሆነ። መንገድ ዳር ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ጋቢ ለብሼ ፀሐይ ላይ መቆሜን አይታ «ኧረ አላህን ፍሪ! ነይ ግቢ!» ብላ ከዳሷ ጥላ ሥር ጎተተችኝ። ፓፓያ ቆርጣ በሳህን ሰጠችኝ። ሒሳብ ስጠይቃት ተቆጣች። ሜዳውን ያየሁት እዚያ ተቀምጬ ነው፤ ማሽላው ታጭዶ አገዳው በየማሳው ተከምሯል፣ ከወዲያ ማዶ ተራራው ግድግዳ ሆኖ ቆሟል። እኛ ጋ ሜዳው ሲሰፋ ብርዱ ይሰፋል፤ እዚህ ሙቀቱ።

ቆቦ ስገባ ሰላም ባጃጅ ይዛ ትጠብቀኝ ነበር። ቤታቸው ሰፊ ግቢ ነው፤ መሃሉ ላይ አንድ ትልቅ ግራር አለ። አባቷ ካረፉ ቆይተዋል። እናቷ ዘይነብ ትባላለች፤ ክርስቲያን አግብታ ስትጠመቅ ወለተ ማርያም ተብላለች፣ በዚያ ስም የሚጠራት ግን ቄሱ ብቻ ነው። የዘይነብ አባት አያ ሙሄ እዚያው ግቢ ጓሮ በኩል ባለችው ክፍል ይኖራሉ። ሰማንያን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ነገር የማያመልጣቸው ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ከክፍላቸው ፊት ምንጣፍ ዘርግተው ይሰግዳሉ፤ ልጃቸው በወዲያኛው ጥግ ሥዕለ ማርያም ፊት ትቆማለች። ከተቀመጥኩ ሩብ ሰዓት ሳይሞላኝ «በአንድ ግቢ ሁለት ሃይማኖት አያጋጭም?» ብዬ ጠየቅሁ።

«በምን እንጋጭ?» አሉ አያ ሙሄ። «በጸሎት?»

ብርድ ልብሱን ስገልጠው ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አያ ሙሄ በእጃቸው ዳብሰው ዳብሰው «ማሻ አላህ፣ ጥሩ ዕቃ ነው። ይህንን ቆቦ ላይ የለበሰ ግን አይተኛም፣ ይበስላል» አሉ። ከሰዓት ላይ ነሰረኝ። ሰውነት ከሚኖርበት አየር ጋር እንደሚላመድ ሞጁሉ ላይ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለ፤ የኔ አፍንጫ ግን አላነበበውም። ዘይነብ ጨርቅ በውሃ ነክራ ግንባሬ ላይ አደረገች፤ የማሽላ እንጀራ በእርጎ አቀረበችልኝና እስክጨርስ ከአጠገቤ አልተነሣችም።

ረቡዕ

ገበያ ቀን ነበር። አፋሮች ፍየልና ቅቤ ይዘው ከበርሃ ወጥተዋል፤ አማርኛው፣ ትግርኛው፣ አፋርኛው በአንድ ቅቤ ላይ ይከራከራል። ደስ አለኝና ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። እየዞርኩ ስጠይቅና ስጽፍ በመደዳ የተቀመጡት ሻጮች አንድ በአንድ ዝም አሉ። አንዷ ሽንኩርቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ከገቢዎች ነሽ?» አለችኝ።

ዘይነብ እየሳቀች አስረዳቻቸው። ባለ ሽንኩርቷ ግን «እንግዲያ ዝም ብለሽ አትገተሪ፤ ቁጭ በይና ልቀሚ» ብላ ከጎኗ አስቀመጠችኝ። የበሰበሰውን ከደህናው ስለይ ረፋዱ አለፈ። ሰዎችን ለማወቅ አብሮ መኖር፣ አብሮ መሥራት፣ እየሠሩ ማየት ያስፈልጋል፤ ተሳትፎአዊ ምልከታ የሚባለው ይኸው ነው። ሽንኩርት ማልቀስን እንደሚጨምር ግን የጻፈ የለም። በዚያች ረፋድ፣ ደብተሬን ይዤ ስዞር ካገኘሁት አሥር እጥፍ ሰማሁ።

ምሳ ላይ የጎረቤት ሴት የእንቁላል ጥብስ ይዛ ገባች። እጄን ስዘረጋ አያ ሙሄ «መምህሯ፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው» አሉኝ። ጾም መሆኑን እኔ ረስቼ እስላሙ አስታወሱኝ! ሳህኑን ከፊቴ አንሥተው ሽሮ አስመጡልኝ፤ እሳቸው ግን ጥብሱን ከፊቴ ያለ አንዳች ኀፍረት በሉት።

ከምሳ በኋላ ማሳቸውን አሳዩኝ። ማረሻው የሚያወጣውን የገል ስብርባሪ ድንበር ላይ ሰብስበው አስቀምጠውታል። «ከኛ በፊት እዚህ የበላ ሰው ነበር» አሉኝ። አርኪዮሎጂን ከዚህ ባጠረ ቃል ያስረዳኝ የለም። ደግሞ አነጋገራቸው! ስለ ድሮ ሴቶች ሲያወሩ «ዱበርቲ» ይላሉ፤ ተሰብስበው የሚመርቁ ባልቴቶች ናቸው፣ ቃሉም የኦሮምኛ ነው። በአንድ ትንፋሽ ላይ ኦሮምኛ፣ ዐረብኛና የወሎ አማርኛ ይወጣል። አራቱም ዘርፎች አንድ ሽማግሌ ላይ ተሰብስበው አገኘሁ፤ እንደ ሕፃን ቦረቅሁ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ የጀመረው። የዝምድና ሠንጠረዥ የሚባል አለ፤ ወንድ በሦስት ማዕዘን፣ ሴት በክብ፣ ጋብቻ በሁለት ሰረዝ ይሳላል። ግራሩ ሥር ተቀምጠን ትልቅ ወረቀት ዘረጋሁና የአያ ሙሄን ዘር መሳል ጀመርኩ።

«እኔ ይቺ ነኝ?» አሉ ሦስት ማዕዘኑን እያዩ። «ጉልቻ አደረግሽኝ እኮ!»

ግን ወደዱት። ሰላም ከዘይነብ፣ ዘይነብ ከሙሄ፣ ሙሄ ከአሊ፣ አሊ ከእንድሪስ፣ እንድሪስ ከቡሽራ፣ ቡሽራ ከጃርሶ። ጃርሶ ላይ ሲደርሱ ጀርባቸው ቀና አለ። ይህንን ሜዳ የያዘ፣ ቃሉ የማይታጠፍ ሰው ነበር አሉኝ። «የጃርሶ ልጅ ነኝ ማለት እዚህ አገር ቀላል ነገር አይደለም።» የሙሽራው ወገን ሽማግሌ ሲልክ እንዴት እንደተቆጠረ ጠየቅኋቸው። እዚህ ተጋቢዎች እስከ ሰባት ቤት ዝምድና የሌላቸው መሆን አለባቸው። «በአባትና በአባት ቆጥረናል፣ ንጹሕ ነው» አሉኝ። በእናቶች በኩልስ? እጃቸውን አወናጨፉ። ባለፉት ዓመታት ብዙ ሰው ተበትኗል፣ የሚያውቁት ሞተዋል፤ ሁሉም ችኮላ ነው።

ሐሙስ

ሙሽራው ሃፍቱ ይባላል፤ ከቆቦ አለፍ ብላ ያለችው የዋጃ ልጅ ነው፤ የመስኖ ፓምፕ ይጠግናል። ሰላም የዘረዘረችልኝን ያህል ቆንጆ አይደለም፤ ደግነቱ ግን ከዘረዘረችው ይበልጣል። «አያቴ ሰላምን ያስተማረችውን ሴት ሳላይ አልሞትም ብላለች» ብሎ በሞተር ሳይክል ዋጃ ወሰደኝ። በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ሞተር ሳይክል ላይ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። መንገዱን ሁሉ ዐይኔን ጨፍኜ ስለሄድኩ ስለ መልክዓ ምድሩ የምነግራችሁ የለኝም።

አያቱ አደይ ለተብርሃን («አደይ» በትግርኛ እናቴ ማለት ነው) ከአያ ሙሄ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ጀርባቸው የጎበጠ፣ ድምፃቸው ግን ያልጎበጠ ሴት ናቸው። ቤተሰባቸው ከደቡብ ትግራይ በኩል ተመላልሶ ዋጃ የሰፈረ ነው። ከፊታቸው ስቀመጥ ጉንጬን ይዘው «ከሲታ ናት፤ አብሏት!» አሉ። ማርና ዳቦ መጣ። ስበላ ስበላ ወረቀቱን አወጣሁ። ለምን አወጣሁት? ማን ጠየቀኝ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው እኔ ነኝ።

አደይ ለተብርሃን ፈጥነው ቆጠሩልኝ። ሃፍቱ ከኪሮስ፣ ኪሮስ ከሳቸው፣ እሳቸው ከገብሩ፣ ገብሩ ከተስፋይ፣ ተስፋይ ከደስታ፣ ደስታ ከጃርሶ።

«የትኛው ጃርሶ?» አልኩ።

«ስንት ጃርሶ አለ? የቆቦ ሜዳው። ሁለት ልጆች ነበሩት፣ ደስታና ቡሽራ።»

የትናንቱን ወረቀት ከዛሬው ጎን አነጠፍኩት። አሥራ አንድ ዓመት ሳስተምረው የኖርኩት ነገር በገዛ እጄ ሥር ሕይወት ዘርቶ አየሁትና «እንዴ! አንድ ናችሁ! ሰላምና ሃፍቱ የአንድ አያት ልጆች ናቸው!» ብዬ ጮህኩ። እየሳቅሁ ነው የጮህኩት። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ማንም አልሳቀም። ሃፍቱ ቀስ ብሎ «ስንተኛ ቤት ነው ቲቸር?» አለኝ። በጣቴ ቆጠርኩ። ስድስት። ሰባት ማለፍ ነበረበት። አደይ ለተብርሃን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ።

ወጥተን ሞተሩ ጋ ስንደርስ «ሃፍቱ፣ እቀደዋለሁ። ሆድ ይፍጀው፣ ማንም አያውቅም» አልኩት።

«ወረቀቱን ቢቀዱት ጆሮዬን የት ላድርገው? ነገ ልጅ ቢታመምብን በምን እናመካኛለን?» አለ። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ዐይኔን አልጨፈንኩም።

ለዘይነብ የነገራት እሱ ነው። ጠላው ተጠምቋል፣ ድንኳኑ ተከራይቷል፣ ለእስላምና ለክርስቲያን ለየብቻ የሚታረዱት በሬዎች ጓሮ ታስረዋል። እሷ እንስራዎቹ መሃል መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ሰላም አላለቀሰችም። ትክ ብላ አየችኝና «ቲቸር፣ ምን አደረጉኝ?» አለች። የምናጠናው ሰው ላይ ጉዳት አናድርስ የሚለውን የሥነ ምግባር ምዕራፍ ራሴ ነበርኩ ያስተማርኳት። አያ ሙሄ የዋጃዎቹ የጃርሶ ልጆች መሆናቸውን ሲሰሙ ፊታቸውን አዞሩ፤ ሰገዱ፣ እራት አልቀመሱም።

ዓርብ

ሦስት ሽማግሌዎች ግራሩ ሥር ተቀመጡ። አደይ ለተብርሃን በባጃጅ ከዋጃ መጡ፤ የጃርሶ ዘር ታላቅ ስለሆኑ ያለ እሳቸው ነገሩ አይቆረጥም። ሃፍቱና ሰላም በሁለት ወገን፣ ዐይን ለዐይን ሳይተያዩ ቆመዋል። እኔ ዘይነብ አጠገብ ነኝ፤ የምገባበት ጉድጓድ ቢጠቁሙኝ እገባ ነበር።

መጀመሪያ የተናገሩት አያ ሙሄ ናቸው። በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ።

«አባቴ ሊሞት ሲል የነገረኝን፣ እኔም ይዤው ልሞት ያሰብኩትን ነው የምናገረው። ቡሽራ ከጃርሶ አልተወለደም። በክፉ ቀን ከበርሃ የመጣ የሰው ልጅ ነው። ጃርሶ በር ላይ ተጥሎ ተገኘ። ጃርሶ በጡት ልጅ ወግ ጡቱን ማር ቀብቶ አጠባውና ልጄ ነው አለ። ልጄ አይደለም ያለ ይረገም ብሎ አስማለ። እኔ…» አቆሙ። ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «እኔ የጃርሶ አጥንት የለብኝም።»

ይህንን ጉድ ስሰማ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ? ብድግ ብዬ «እልል! እንግዲያ ደም የለም! ዝምድና የለም!» አልኩ። ከትናንቱ አልተማርኩም።

አያ ሙሄ ወደ እኔ ዞሩ። እንደዚያ ተቆጥቶኝ የሚያውቅ ሰው የለም። «ዝምድና የለም? አንቺ ልጅ፣ ከቡሽራ እስከ እኔ ጃርሶን አባት ብለን ኖረናል። ለሱ ተዋግተናል፣ በሱ ምለናል። በወረቀትሽ ልትፍቂን ነው?»

ቁጭ አልኩ። የገባኝ ያኔ ነው። ዝምድና ደም ብቻ እንዳልሆነ፣ ሰው በማጉረስ፣ በማሳደግ፣ በመሐላ አባትና ልጅ እንደሚሆን አስተምራለሁ፤ በፈተናም አወጣዋለሁ። ሽማግሌው የልጅ ልጃቸውን ሊድሩ ሲሉ አባታቸውን ከእጃቸው አውጥተው እያስረከቡ መሆኑን ግን አላየሁም ነበር። የኔ ሦስት ማዕዘንና ክብ ይህንን የሚያሳይ ምልክት የለውም።

አደይ ለተብርሃን ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ «እኔም አውቅ ነበር» አሉ። «ልጅን ልጅ አይደለም ማለት ነውር ነው፤ ለዚህ ነው ትናንት ዝም ያልኩት። እሳቸው ተናገሩ። እንግዲህ ጡት ያዛምዳል፤ የሚቆጠረው ግን አጥንት ነው። የልጆቹ አጥንት አይገናኝም። ይጋቡ።»

ሽማግሌዎቹ ተያይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። መረቁ፤ «አሜን»ና «አሚን» እየተደበላለቀ ግቢው ተነፈሰ። ሰላም እናቷ አንገት ላይ ወድቃ አሁን ገና አለቀሰች። አያ ሙሄ ወደ አደይ ለተብርሃን አፋቸውን ከፈቱ፣ አንድ ነገር ሊጠይቁ። ሴትዮዋ ግን ደክሟቸው ነበር፤ ሃፍቱ ደግፎ ባጃጁ ውስጥ ሲያስገባቸው ዞር ብለው አላዩም።

ቅዳሜ

ቤቱ ደስ ብሎት ዋለ። ከሴቶቹ ጋር ሽንኩርት ስከትፍ ዋልኩ፤ በዚህ እንኳ ልምድ አለኝ። በሁለት ወገን ሁለት ድንኳን ተተከለ፣ ድስቱም ቢላውም ለየብቻ ሆነ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ግን በሁለቱም መሃል ይመላለሳል። ይቅርታ ስጠይቃት ሰላም ሳመችኝና «ሳይታወቅ ተጋብተን በኋላ ቢሰማስ ኖሮ?» አለች። ለኔ ብላ ያለችው ይመስለኛል።

ደስታው ያልገባው የአያ ሙሄ ክፍል ብቻ ነው። ውሃ ይዤ ገባሁ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ያያሉ።

«ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ምን አጠፋሽ? ጠየቅሽ፣ ነገርኩሽ።» ቀና ብለው አዩኝና «የልጅ ልጄ ትዳር ያዘች፤ አልሐምዱሊላህ። ግን በሰማንያ ዓመቱ አባት የሞተበት ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። ውሃውን ሳይጠጡ መለሱልኝ። ወጥቼ ግራሩ ሥር አለቀስኩ።

እሁድ

ሙሽራው ሲመጣ የሴቷ ወገን በሩን ይዞ አላስገባም ይላል። እኛ ጋም ያው ነው፤ ልጃገረዶች ይዘፍናሉ፣ ሚዜዎች ይለማመጣሉ፣ ይሳቃል፣ ይገባል። ስለዚህ የመኪናው ጥሩምባ ከሩቅ ሲሰማ እኔም ከልጆቹ ኋላ ሆኜ ለማየት ወደ በሩ ሄድኩ።

ከልጃገረዶቹ ፊት፣ የበሩን መቃን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ አደይ ለተብርሃን ቆመዋል። ማለዳ በባጃጅ ብቻቸውን መጥተዋል። የሙሽራው ቤት ዋጃ ላይ ሲፈልጋቸው፣ እሳቸው እኛ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ቁርስ በልተዋል።

ሃፍቱ በሙሉ ልብሱ፣ ሚዜዎቹን ከኋላው አስከትሎ ደረሰና ደንግጦ ቆመ። «አደይ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? አንቺ የኛ ወገን አይደለሽም?»

«ትናንት የናንተ ነበርኩ» አሉ። «ዛሬ የወንድሜ ወገን ነኝ። ልጃችንን በዋዛ የምንሰጥህ መስሎሃል?»

ሚዜዎቹ ሳቁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ዘይነብን ዞረው «አባትሽን አምጪልኝ» አሏት። አያ ሙሄ ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው፣ ምን እንደተፈጠረ ሳይገባቸው፣ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው መጡ። አደይ ለተብርሃን ክንዳቸውን ያዙና ከጎናቸው፣ በሩ ላይ አቆሟቸው።

«የጃርሶ ልጅ ይኸውላችሁ» አሉ ለሰርገኛው ሁሉ። ከዚያ ለሃፍቱ፣ «ጉልበት ሳም። በደንብ ሳም!»

ሃፍቱ አዲሱን ሱሪውን ሳይሳሳ አቧራው ላይ ተንበርክኮ የአያ ሙሄን ጉልበት ሳመ። ሽማግሌው እጃቸውን ራሱ ላይ አድርገው ሊመርቁ ጀመሩ። እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። አደይ ለተብርሃን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላቸው፤ «ሓወይ» አሉ ቀስ ብለው፣ ወንድሜ ማለት ነው። እኔም ደብተሬን ጨርሶ ረስቼው፣ ከልጃገረዶቹ መሃል ገብቼ በሩን ይዤ ነበር።

ሃፍቱ ተነሥቶ ሊገባ ሲል አሮጊቷ እንደገና እጃቸውን መቃኑ ላይ አደረጉ።

«በቃ እህቴ፣ ልቀቂው» አሉ አያ ሙሄ። «ልጁን ፀሐይ መታው።»

«አንተ ዝም በል» አሉ አደይ ለተብርሃን። «ታላቅህ ነኝ።»